የቦርከና ልጆች፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለወንዝና ሐይቅ የሳይንስ ውድድር መዘጋጀት

ደሴ አካባቢ የዘነበ ዝናብ ሁሉ መንገዱ አንድ አይደለም። ከጦሳ ተራራ ወዲህ የወረደው ቦርከና ገብቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በጨፋ ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከኩታበር በስተምዕራብ የወረደው ግን በሽሎ ይገባል፤ በሽሎ የአባይ ገባር ነው። ሁለት የዝናብ ጠብታ ጎን ለጎን ወድቀው አንዷ በረሃ ትቀራለች፣ አንዷ ሜዲትራኒያን ትደርሳለች። ስለ ተፋሰስ የሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ስለ ወንዝና ሐይቅ የሚደረጉ የተማሪ ውድድሮች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ፈተና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው ሳይንስ ኦሎምፒያድ የምድር ሳይንስ ዘርፍ አለው። ሁለት ተማሪ አብሮ ተቀምጦ ካርታ ያነባል፣ ያሰላል። ርዕሱ በየጊዜው ስለሚቀያየር አንዳንዴ ተራው የወንዝና የሐይቅ ይሆናል። ሌላው ዓይነት ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የስቶክሆልም የወጣቶች የውሃ ሽልማት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 የሆኑ ተማሪዎች ራሳቸው የሠሩትን ጥናት ይዘው የሚቀርቡበት ነው። እኛ ጋ ሁለቱም መልክ ይታያል፤ የጥያቄና መልስ ውድድሩም፣ የሳይንስ ክበብ ዐውደ ርዕዩም። ለጥያቄና መልስ መሸምደድ ያዋጣ ይሆናል። ለፕሮጀክት ግን አያዋጣም። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ነው።

ቁጥሩ ከወንዙ መምጣት አለበት። የወንዝን የፍሰት መጠን ለመለካት ሜትር፣ ገመድ፣ የስልክ ሰዓትና አንድ ብርቱካን ይበቃል። ባዶ ሃይላንድ አይሆንም፤ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ንፋስ ይገፋዋል። ብርቱካን ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት ቦታ ይመረጥና 10 ሜትር ይለካል። ብርቱካኑ 20 ሰከንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ይሄ በ0.85 ይባዛል፤ 0.425 ይመጣል። የወንዙ ወርድ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ከሆነ ውሃው የሚያልፍበት ስፋት 1.2 ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲባዙ በሰከንድ 0.51 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 510 ሊትር። ጥልቀቱን አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ አምስት ቦታ፣ ብርቱካኑንም ሦስት ጊዜ።

ሌላው ወጥመድ የወንዙ ተዳፋትነት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ተማሪው የከፍታውን ልዩነት ለርቀቱ አካፍሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። ግን ያ የአስፋልቱ ተዳፋት እንጂ የቦርከና አይደለም። ወንዙ ራሱ የሄደበት መንገድ በካርታ ላይ ክር ዘርግቶ መለካት አለበት።

የውሃ ጥራት ላይ ኮምቦልቻ ብዙ የምታስተምር ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ አሁን ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ውድ መሣሪያ የሌለው ክበብ ድንጋይ እየገለበጠ ነፍሳት መቁጠር ይችላል። ጅራታቸው እንደ ክር የሆነ፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ የነፍሳት ዕጮች ከተገኙ ውሃው ኦክስጅን አለው ማለት ነው። ቀያይ ትሎች ብቻ ከበዙ ነገሩ ያሳስባል። የትሎቹ ቅላት ኦክስጅን ከሚይዘው ሂሞግሎቢን ስለሚመጣ፣ ሌላው በሞተበት እነሱ ይኖራሉ። ናሙናው ከከተማው በላይም ከከተማው በታችም መወሰድ አለበት። ከታች ብቻ ወስዶ «ተበክሏል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴን ቆሻሻ ይዞ ነው፤ ሁሉን በፋብሪካ ማሳበብ አይቻልም።

ሐይቅ ለማጥናት ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው። የሐይቁ ስም ራሱ ሐይቅ ነው፤ ሎጎ ሐይቅም ይባላል። በአፈ ታሪኩ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተበድላ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ ዙሪያዋን ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። የጂኦሎጂው መልስ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ተሰንጥቆ መሬቱ መስመጡ ነው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ንጽጽር የያዘ ተማሪ ስለ ሐይቅ አፈጣጠር ግማሹን ጨርሷል። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይገባለታል፤ በመሬት ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የሚወጣው በትነት ስለሆነ ማዕድኑ እዚያው ይጠራቀማል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። የውሃው ከፍታ መውረዱን ለማሳየት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ በዓይን ለመለካት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ተቀብቶ በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ዘዴ ነው። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ይበቃል። ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ካልተለመኑ ግን ዳር ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በወሎ ቆላማ ውሃዎች ቢልሃርዚያ ስላለ ቦት ጫማ ግድ ነው። ደራሽም አለ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ላይ ከዘነበ ቦርከና ሳያስጠነቅቅ ይሞላል።

ትልቁ ችግር የትምህርት ካሌንደሩ ነው። ወንዙ በሚሞላበት በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የበጋውን ቀጭን ውሃ ብቻ የያዘው ለዚህ ነው። በልግ ከዘነበ የካቲትና መጋቢት ትንሽ ይክሳሉ። ለክረምቱ ደግሞ መስከረም ትምህርት እንደተከፈተ ወንዙ ዳር መውረድ ያስፈልጋል። ጎርፉ የደረሰበት ቦታ ቅርንጫፍ ላይ በተንጠለጠለው ፌስታልና ገለባ ይታወቃል። ከፌስታሉ እስከ ውሃው ያለው ቁመት በሜትር ተለክቶ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ቀኑም ከጎኑ ይጻፋል።