ሞተር ፕሮቲን ምንድን ነው?

ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ ባቄላ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በቆልት ሊሆን የተዘፈዘፈ ባቄላ ጥቂት ቀን ሲቆይ ነጭ ሥር ያወጣል። የዚያች ሥር ጫፍ ህዋሶች ያለ ዕረፍት የሚከፈሉባት ቦታ ናት። የዘር መረጃ የሚይዙት የባቄላ ክሮሞሶሞች 12 ብቻ ከመሆናቸውም በላይ ትልልቅ ስለሆኑ ተመራማሪዎች ብዙ ተምረውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኸርበርት ቴይለርና ባልደረቦቹ ክሮሞሶም እንዴት እንደሚባዛ ያሳዩት በባቄላ ሥር ጫፍ ነው።

ህዋሱ ሊከፈል ሲል እያንዳንዱ ክሮሞሶም ቅጂው ተሠርቶለት ጥንድ ይሆናል። ከዚያ ጥንዶቹ ተለያይተው 12ቱ ወደ አንዱ ወገን፣ 12ቱ ወደ ሌላው መድረስ አለባቸው። አንዱም መቅረት፣ አንዱም መደረብ የለበትም። ክሮሞሶም ግን በራሱ አይሄድም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሞተር ፕሮቲኖች፣ ማለትም ጉልበት እየተጠቀሙ በህዋስ ውስጥ የሚንቀሳቀሱና ጭነት የሚያጓጉዙ ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም መንገዳቸው የሆነው ማይክሮቲዩብል ናቸው።

ማይክሮቲዩብል ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ሲሆን አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነጠላውን ቱቦ ሊያሳየን የማይችለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ አይመሳሰሉም፤ ፕላስ የሚባለው ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖም ይፈርሳል፤ ሌላው ማይነስ ይባላል። ስያሜው ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም፤ ይህን የምለው ብዙ ተማሪ ስለሚያምታታው ነው። ሞተር ፕሮቲኖች አቅጣጫ ያውቃሉ፦ አብዛኞቹ ኪኔሲኖች ወደ ፕላስ፣ ዳይኒን ደግሞ ወደ ማይነስ ይሄዳል።

ኪኔሲን እ.ኤ.አ. በ1985 ስኩዊድ በሚባለው የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ውስጥ ተገኘ። አካሄዱን ስናጠና እንደ እግር የሚረግጥባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሳይንቲስቶች ግን «ራስ» ይሏቸዋል። የፊተኛው ራስ ቱቦውን አጥብቆ ይይዛል። ኤቲፒ የተባለው የጉልበት ሞለኪውል ሲገባበት ከራሱ ሥር ያለችው አጭር ማያያዣ ወደ ፊት ትታጠፍና የኋለኛውን ራስ 16 ናኖሜትር ወደ ፊት ትወረውረዋለች። የኋላው ፊት፣ የፊቱ ኋላ ሆነ ማለት ነው። ጭነቱ በዚህ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይቀድማል፤ ይህም የአንድ የቱቡሊን ጥንድ ርዝመት ነው። ለአንድ እርምጃ አንድ ኤቲፒ፣ በሰከንድ 100 እርምጃ ያህል። በዓይን የማይታይ ነገር እንዲህ በሥርዓት ሲራመድ ማሰብ እኔን ዛሬም ያስገርመኛል።

ህዋስ ሲከፈል ማይክሮቲዩብሎቹ እንዝርት የሚመስል ቅርጽ ይሠራሉ። ኪኔሲን 5 የተባለው የኪኔሲን ዓይነት አራት ራስ አለው፤ በሁለት ወገን ሁለት ሁለት። በተቃራኒ የተዘረጉ ሁለት ቱቦዎችን አንድ ላይ ይዞ በሁለቱም ላይ ወደ ፕላስ ሲሄድ ቱቦዎቹ ይንሸራተታሉ፤ የእንዝርቱ ሁለት ዋልታዎች ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሞናስትሮል የተባለ ውህድ ይህን ሞተር ሲያስቆመው የእንዝርቱ ዋልታዎች ሳይለያዩ ቀሩ፤ ክሮሞሶሞቹም በአንድ ማዕከል ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ብዙ የመማሪያ ሥዕል የእንዝርቱ ቱቦዎች ክሮሞሶምን እንደ ገመድ ሲጎትቱ ያሳያል። ይህ ሥዕል ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ጥንዶቹ ከተለያዩ በኋላ ክሮሞሶም የሚጓዘው በደቂቃ 1 ማይክሮሜትር (1,000 ናኖሜትር) ገደማ ነው፤ ኪኔሲን ግን በደቂቃ 48 ያህል መሄድ ይችላል። ዝግታው የሚመጣው ቱቦው ራሱ ከጫፉ እየፈረሰ ስለሚያጥር ነው። ክሮሞሶሙ የሚፈርሰውን ጫፍ ሳይለቅ ይከተለዋል። እንዲያውም የኪኔሲን 13 ቤተሰብ አይራመድም፤ ሥራው ጫፉን ማፍረስ ነው።

በሰው ህዋስ ውስጥ ዳይኒን ሌላ ኃላፊነት አለበት። ከእንዝርቱ ቱቦዎች ጋር ያልተያያዘ ክሮሞሶም ካለ «ቆዩ» የሚል ምልክት ይወጣል፤ መከፈሉም ይቆማል። ክሮሞሶሙ በትክክል ሲያያዝ ዳይኒን የምልክቱን ፕሮቲኖች ጠርጎ ወደ ዋልታው ይወስዳቸዋል። ክፍፍሉ ሲሳሳት ውጤቱ ከባድ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሴት እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ህዋስ ሲፈጠር 21ኛው ክሮሞሶም ሳይለያይ ሲቀር ነው። ባቄላ ግን እንደ ሌሎች አበባ አብቃይ ዕፅዋት ይህ ዳይኒን የለውም። ወደ ማይነስ የሚሄዱ የኪኔሲን 14 ቤተሰብ አባላት አሉት። ሰው 45 የኪኔሲን ጂኖች ሲኖሩት አራቢዶፕሲስ የተባለችው ትንሽ ተክል 61 አላት።

የልጆችን የደም ካንሰር ለማከም የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የማይክሮቲዩብልን መሠራት ስለሚያውክ የካንሰር ህዋሶች መከፈላቸውን መጨረስ አይችሉም። ነገር ግን ነርቮቻችንም ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት ድረስ ዕቃቸውን የሚያጓጉዙት በእነዚሁ ቱቦዎች ላይ ነው። ቱቦው ሲጎዳ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ እግር ይዝላል። በክፍፍል ጊዜ የሚሠራውን ኪኔሲን 5ን ብቻ የሚያስቆም መድኃኒት መፈለግ የተጀመረውም ነርቭን ለማትረፍ በማሰብ ነው። ቪንክሪስቲን የሚወስድ ልጅ ጣቱ እንደደነዘዘ ከተናገረ ወይም ሲራመድ እግሩን መጎተት ከጀመረ ወላጆቹ ቀጣዩ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል።