የድርጅት ይቅርታ ምንድን ነው?

«ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ አንብባችኋል? እስቲ አንዴ ደግማችሁ አንብቧትና አጥፊውን ፈልጉት። የለም! መጉላላቱ እንደ ዝናብ ከሰማይ ወርዶ «ተፈጠረ» እንጂ የፈጠረው አይታይም። «ስላጉላላናችሁ ይቅርታ» ቢባል ግን ነገሩ ወዲያው ይለወጣል፤ ማን ማንን እንዳጉላላ ይታወቃል።

የድርጅት ይቅርታ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ድርጅቱ ያጠፋው እሱ መሆኑን፣ ያጠፋውም ምን እንደሆነ ሳያድበሰብስ ለደንበኛው ተናግሮ ጉዳቱን ሲክስ። መግለጫ ማውጣት ሌላ፣ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ።

ሌላዋ ተንኮለኛ ቃል «ከሆነ» ናት። «ቅር አሰኝተናችሁ ከሆነ ይቅርታ» ሲባል ደንበኛው ቅር መሰኘቱን ገና ሊያስረዳ ነው፤ ጭራሽ ሆደ ባሻው አንተ ነህ የተባለ ይመስለዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ አየር መንገድ ትኬቱን ገዝቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ለኩባንያው ሠራተኞች ቦታ እንዲለቅ ጠየቀ፤ ሰውየው እምቢ ሲል የኤርፖርት ጸጥታ አስከባሪዎች እየጎተቱ አወጡት፣ ቪዲዮውንም ዓለም አየው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኦስካር ሙኞዝ መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቁት ግን ደንበኞቹን በሌላ መንገድ ማስተናገድ በማስፈለጉ ነበር። ሰው ደም በደም ሆኖ ተጎትቶ! ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ማለት ይሄ ነው። ቁጣው ሲብስ በማግሥቱ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን የሚል ሌላ ይቅርታ መጣ፤ እስከ ዛሬ መሳቂያ የሆነው ግን የመጀመሪያው ነው።

አፕል በ2012 እ.ኤ.አ. የጎግልን ካርታ ከአይፎን አውጥቶ የራሱን ሲያስገባ ካርታው በስህተት የተሞላ ነበር። የአፕል የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ይቅርታ ጠይቆ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የእኛን እስክናሻሽል የሌሎችን ተጠቀሙ ብሎ የተፎካካሪዎቹን ስም ዘረዘረ፤ ጎግልንም ጭምር። እኔ ይሄን እወደዋለሁ። መንገድ የጠፋበት ሰው የሚፈልገው ዛሬ የሚሠራ ካርታ ነው፣ የማንም ይሁን የማን።

ለትንሽ ድርጅትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ለምሳሌ፦ «ትናንት ልናደርስልዎት የሚገባንን ዕቃ አላደረስንም። አድራሻዎን የመዘገብነው ተሳስተን ነው። ዕቃው ነገ ጠዋት ይደርስዎታል፤ የማድረሻውን ክፍያ ግን አሁኑኑ መልሰንልዎታል።» በቃ። «መልሰንልዎታል» እንጂ «እንመልሳለን» እንዳልተባለ ልብ በሉልኝ፤ ካሳው ከይቅርታው ቀድሞ ሲደርስ ቃሉ ክብደት ያገኛል። ምክንያት መናገር ችግር የለውም፣ አጭርና እውነት እስከሆነ ድረስ። «ሲስተም የለም» የሚባለው ግን ውሃ አያነሳም፤ ሲስተሙም የእናንተው ነው።

ደግሞ ያ የቅናሽ ኩፖን አለ። አበላሽተውብኝ ሲያበቁ «ለቀጣይ ግዢዎ 10 በመቶ ቅናሽ» ይሉኛል። ልካስ እንደገና ልግዛ?!

የግብይት ተመራማሪዎች «ሰርቪስ ሪከቨሪ ፓራዶክስ» የሚሉት ሐሳብ አለ። ችግር ደርሶበት በደንብ የተካሰ ደንበኛ፣ ምንም ችግር ካልገጠመው ደንበኛ ይበልጥ ሊረካ ይችላል ይላል። ጥናቶቹ ሁሉ ግን በዚህ አይስማሙም፤ ያው ስህተት ሲደገም ደግሞ ሁለተኛውን ይቅርታ የሚሰማ የለም። ስለዚህ አጥፍቶ መካስን እንደ ስልት አትያዙት።

እኔን የሚያሳዝነኝ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ነው። አሥር ጊዜ ይቅርታ ይላል፣ አንድ ሳንቲም የመመለስ ሥልጣን ግን የለውም። ሪትዝ ካርልተን የተባለው የሆቴል ኩባንያ በተቃራኒው ይታወቃል፤ ሠራተኛው የአንድ እንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃውን ሳያስፈቅድ እስከ 2,000 ዶላር ማውጣት ይችላል። ሁሉም ይህን ያህል አቅም የለውም፣ ይገባኛል። ግን ሁለቴ የተቆረጠ ሂሳብ ለመመለስ ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ለሠራተኞቹ የይቅርታ አጠያየቅ ሥልጠና ከመስጠቱ በፊት ሁለቱን ፊርማ ቢያነሳ ይሻለዋል።