«ፍሪ ስኩል» የማን ነው?

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያስተምር ወላጅ «ፍሪ ስኩል» የሚባለውን የግል ትምህርት ቤት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነውና። ገንዘቡ ግን የመንግሥት ነው፤ የትምህርት ክፍያ መጠየቅም ክልክል ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት የአካዳሚዎች (በመንግሥት ገንዘብ ግን ከአካባቢ አስተዳደር ውጭ የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች) ሕግ በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ማመልከቻ በማሰናዳት «ኒው ስኩልስ ኔትወርክ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት መሥራቾችን ለዓመታት አግዟል። ወላጆችም ሆኑ መምህራን ትምህርት ቤት ለመክፈት «አካዳሚ ትረስት» የተባለ ኩባንያ ያቋቁማሉ። ኩባንያ ይባል እንጂ ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን የለውም። ከዚያ ከትምህርት ሚኒስትሩ ጋር የገንዘብ ውል ይፈራረማል።

በትረስቱ አናት ላይ ያሉት አባላት ባለአደራዎችን ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። በጀቱን የሚያጸድቁትና ርእሰ መምህሩን ተጠያቂ የሚያደርጉት ባለአደራዎቹ ናቸው፤ ያውም በአብዛኛው ያለ ደመወዝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ትረስቱ በጎ አድራጎት ቢሆንም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በሚቆጣጠረው በበጎ አድራጎት ኮሚሽን አይመዘገብም፤ ዋና ተቆጣጣሪው የትምህርት ሚኒስትሩ ነው። ገንዘብ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አንድ መሆናቸው ለእኔ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው። ስለዚህ ቅሬታ ያለው ወላጅ ወደ ኮሚሽኑ አይሂድ፤ መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ የቅሬታ ሥርዓት ይለፍ፣ ካልተፈታለት ወደ ትምህርት ሚኒስቴሩ ይጻፍ።