ስሮትል ቦዲ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ከጅሬን ቁልቁል ወርዳችሁ መርካቶ ጋ ባጃጅ መሃል ቆም ስትሉ ሞተሩ ጸጥ ይላል። ታስነሱታላችሁ፣ ይነሳል። እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው ስታነሱ ደግሞ ይጠፋል። የኔዋ ቪትዝ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረገችኝ። አንድ ጋራዥ የቤንዚን ፓምፕ አስቀየረኝ። ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ ለካ አየር ነበር።

ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የዚያ አየር በር ነው ስሮትል ቦዲ። ከአየር ፊልትሮው የሚመጣው ወፍራም ጥቁር ቱቦ ጫፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ክዳን አለው። "ቤንዚን ስጥ" እንላለን እንጂ እግራችን የሚከፍተው ይህን ክዳን ነው። ነዳጁን ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ይጨምራል።

እግር ሲነሳ ክዳኑ ሊዘጋ ትንሽ ይቀረዋል። ብዙ መኪና ላይ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም መስጫው ሳይረገጥ ሲሠራ፣ የሚተነፍሰው በዚያች ክፍተት ነው። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ጭስ ጠርዙ ላይ ጥቀርሻ እየሠራ ክፍተቷን ይደፍናታል። ያኔ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ኤሲ ስትከፍቱ ደግሞ ቀጥ ይላል።

ማየቱ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቱቦውን ፍቱ፣ በስልክ መብራት እዩ። የኔው እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሮ ነበር። የስሮትል ማጽጃ ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ በቀስታ ጥረጉት። በካቻቢቴ መፋቅ የለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ክዳኑን በጣት አትግፉት፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው። ከጸዳ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ቢል አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ የለመደው ቆሻሻውን ነው፤ እንደ መኪናው ዓይነት እንደገና ማስለመድ ያስፈልጋል።

ሳይነካ ሚኒሞው ከፍ ብሎ "ስስስ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ያልተለካ አየር እያስገባ ነው። ይህ በማጽዳት አይድንም፣ ይቀየራል። ዳገት ላይ ጉልበት ካጣ ደግሞ መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ፤ በተለይ በቡና ወቅት በአቧራማ መንገድ ወደ ገጠር የምትመላለሱ።

አንድ ነገር ያናድደኛል። የቆዩ መኪኖች ላይ የሚኒሞ ማስተካከያውን ብሎን አጥብቆ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ። መኪናው መጥፋቱን ያቆማል፣ ጥቀርሻው ግን እዚያው ነው፤ ቤንዚኑም ያልቃል። መካኒኩ ካቻቢቴውን ሲያነሳ "መጀመሪያ ቱቦውን ፍታልኝ" በሉት።