ኮድን በሂሳብ ማረጋገጥ፦ ከደሴ መናኸሪያ እስከ ኮምቦልቻ

አንድ ፕሮግራም መቶ ጊዜ ተሞክሮ መቶውንም ጊዜ በትክክል ሠራ እንበል። መቶ አንደኛው ላይ ላለመሳሳቱ ማን ዋስ ይሆነዋል? ፎርማል ቬሪፊኬሽን የሚባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ዘርፍ የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሥራው ኮዱ ምንም ዓይነት መረጃ ቢሰጠው የተባለውን እንደሚፈጽም በሂሳብ ማረጋገጥ ነው። የሆላንዱ ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ እንደማይችል ተናግሮ ነበር።

ነገሩ ደሴ መናኸሪያ ቆሞ ላየው ሰው ከባድ አይደለም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሚኒባሱ በሩን ከፍቷል። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ሰልፉ በአንድ ይቀንሳል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በአንድ ይጨምራል። የሁለቱ ድምር ግን ያው ነው። ይህ የማይለወጥ እውነት በሙያው ቋንቋ ኢንቫሪያንት ይባላል። የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ በፊት እውነት ነበር፤ ሰው ሲገባም አይፈርስም። ስለዚህ ሰልፉ ሲያልቅ ሁሉም ተሳፍረዋል። ማንንም መቁጠር አላስፈለገንም። ሰልፉ ሁልጊዜ በአንድ ስለሚቀንስ ደግሞ ማለቁ አይቀርም። መሃል ላይ አዲስ ሰው ከተቀላቀለ ግን ስሌቱ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ገና በ1949 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ፕሮግራም ትክክለኛነት እንዴት እንደሚረጋገጥ ጽፏል። ዘዴውን መልክ ያስያዙት ግን ሮበርት ፍሎይድ በ1967 እና ቶኒ ሆር በ1969 ናቸው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ሊከሰት የሚችለውን ሁኔታ ሁሉ እንዲፈትሽ የሚያደርገውን ዘዴ የፈጠሩት ክላርክ፣ ኤመርሰንና ሲፋኪስ ደግሞ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የ2007ን የቱሪንግ ሽልማት ወስደዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በቅደም ተከተል ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር መፈለግን እንውሰድ። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንደምናደርገው መሃሉን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሄድ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚጽፈው ኮድ ነው። ፕሮግራሙ መሃሉን የሚያገኘው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተራ ቁጥር ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነበር። ድምሩ ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ ቁጥር፣ ከ2,147,483,647፣ ሲበልጥ ግን ቁጥሩ ተገልብጦ ኔጋቲቭ ይሆናል። ይህ ስህተት ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ በ2006 ይፋ ወጣ። ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሳች 40 ሴኮንድ ሳይሞላት የወደመችውም አንድ ትልቅ ቁጥር ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዲገባ ስለተደረገ ነው።

በአንጻሩ በ1998 ሥራ የጀመረው የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር ሾፌር የለውም። ባቡሩን የሚቆጣጠረው የደህንነት ሶፍትዌር ቢ በተባለው ዘዴ በሂሳብ የተረጋገጠ ነው። በ2009 ደግሞ ኤስኢኤል4 የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም አስኳል ተረጋገጠ። ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ሲሆን ማረጋገጫው ግን 200,000 መስመር ያህል ፈጅቷል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ነው ለማንኛውም አፕ የማይሠራበት።

ሌላም ወሰን አለው። ማረጋገጫው ኮዱ ከተጻፈለት መግለጫ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው የሚናገረው። መናኸሪያው ላይ ሁሉም መሳፈራቸውን አረጋግጠናል። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ይሁን ወደ ወልዲያ የሚሄደው ግን አልጠየቅንም።

ኮምቦልቻ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ነው። ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት፤ ከአዋሽ ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም ያልፍባታል። የማሽን መቆጣጠሪያና የባቡር ምልክት ይህ ዘዴ የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ቦታዎች ናቸው። መሣሪያዎቹም በነጻ ይገኛሉ። ዳፍኒ የተባለውን አንዴ ላፕቶፕ ላይ ከጫኑት ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የመጀመሪያው ልምምድ የመናኸሪያው ሰልፍ ሊሆን ይችላል፤ ከአሥራ አምስት መስመር አይበልጥም።