በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ምንድን ነው? የስቲል ሰዓቱን በቆዳ ማሰር ለሚፈልግ ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ የሰዓት ማሰሪያ አንስታችሁ «ይሄ ቆዳ ነው?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ኦርጅናል ነው!» ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ ቆዳ ነው። ቆዳ መሆኑ ግን ማሰሪያው ክረምቱን ይሻገር አይሻገር፣ በላብ ይሽተት አይሽተት፣ ከዓመት በኋላ ያምርበት ወይም ይላጥ አይነግራችሁም። እሱን የሚወስነው ቆዳው የለፋበት መንገድ ነው። ስለዚህ እንደ ሴኮ 5 ያለ ከበድ የሚል የስቲል ስፖርት ሰዓት ከብረት ሰንሰለቱ አውጥቶ በቆዳ ማሰር የሚፈልግ ሰው ከቀለሙና ከዋጋው በፊት «በምን የለፋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቆዳ ማልፋት ማለት ጥሬውን ቆዳ ሲረጥብ እንዳይበሰብስ፣ ሲደርቅም እንዳይገተር ማድረግ ነው። ጥሬ ቆዳ ኮላጅን ከሚባል የፕሮቲን ክር የተሸመነ ነው። ርጥብ ሆኖ ከቆየ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ከደረቀ ደግሞ ክሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ድርቅ ይላል። የጠፍር አልጋ የሚሠራው ይህንኑ ጠባይ ተጠቅሞ ነው። ያልለፋው ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ርጥቡን ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል። ለአልጋ ጥሩ ነው፤ እጅ ላይ ግን ማንም አያስረውም።

ብራናም ያልለፋ ቆዳ ነው። የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ እየተፋቀ ይደርቃል፤ የሚያለፋ ነገር አይገባበትም። ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም ሌላ የጣና ገዳም የጎበኘ ሰው የድሮ የብራና መጽሐፍ ተገልጦ አይቶ ከሆነ ሁለቱንም ዓይነት ቆዳ በአንድ ላይ አይቷል ማለት ነው። ገጾቹ ብራና ናቸው። የእንጨት ገበታውን የሚያለብሰው፣ መስቀልና ሐረግ የታተመበት ሽፋን ግን የለፋ ቆዳ ነው፤ መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደርም እንዲሁ። ገጹ በጥንቃቄ ይገለጣል፤ ሽፋኑና ማኅደሩ ግን ይጨበጣሉ፣ ይንጠለጠላሉ፣ ላብ ይነካቸዋል። የሰዓት ማሰሪያ ወገኑ ከማኅደሩ ነው።

ቆዳን በዕፅዋት ማልፋት የጥንቱ መንገድ ነው። ብዙ ተክሎች በቅርፊታቸው፣ በቅጠላቸው ወይም በፍሬያቸው ውስጥ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ያልበሰለ ሙዝ ሲቀምሱት አፍ የሚያደርቀው እሱ ነው። ታኒኑ ወደ ቆዳው ገብቶ የኮላጅኑን ክሮች ይይዛቸዋል፣ በመካከላቸው ይሞላል፣ ባክቴሪያም እንዳይበላቸው ያደርጋል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በብዛት የሚሞዛ ቅርፊት፣ የደቡብ አሜሪካው ኬብራቾ እንጨትና ቼስትነት የሚባለው ዛፍ እንጨት ጭማቂ ነው። ሥራው ቀርፋፋ ነው። ወፍራም የበሬ ቆዳ በጉድጓድ ውስጥ እየተዘፈዘፈ ሲለፋ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው መንገድ ክሮም ነው። ፍሪድሪክ ክናፕ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የክሮሚየም ጨው ቆዳ እንደሚያለፋ በ1858 እ.ኤ.አ. ገለጸ። ነገሩ ገበያ የደረሰው ግን አውግስጦስ ሹልትዝ በ1884 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ካወጣበት በኋላ ነው። ለወራት ይዘፈዘፍ የነበረው በአንድ ቀን አካባቢ የሚያልቅ ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ ከ80 በመቶ በላይ የሚለፋው በዚህ መንገድ ነው። ቆዳው ከሚለፋበት በርሜል ሲወጣ ሰማያዊ ስለሚሆን ፋብሪካ ውስጥ ዌት ብሉ (ርጥብ ሰማያዊ) ይሉታል። ክሮም መርዝ ነው የሚል ወሬ አለ፤ እንዲህ በደፈናው ልክ አይደለም። ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም 3 ነው። ለጤና የሚያሰጋው ክሮሚየም 6 ነው፤ እሱም አሠራሩ ሲበላሽ ሊፈጠር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰውነት ጋር የሚነካካ ቆዳ ከዚህኛው በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ካለው እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ታዲያ ለሰዓት የቱ ይሻላል? የስቲል ስፖርት ሰዓት ውኃን፣ ግጭትንና ላብን እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው። አካሉ ብዙውን ጊዜ 316ኤል የሚባለው ዝገት የሚቋቋም ብረት ነው፤ ውፍረቱ 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ስለሆነ ማሰሪያው ልፍስፍስ ከሆነ ሰዓቱ እጅ ላይ ይዞራል። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ጠንከር ይላል፣ አይለጠጥም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የእጃችሁን አንጓ ቅርጽ ይይዛል። በክሮም የለፋው ከመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው፣ ግን ሲቆይ ይሳባል፣ ቀዳዳዎቹም ይሰፋሉ። ስለዚህ ለከባድ ሰዓት ውጭውን በዕፅዋት የለፋ፣ ከእጅ ጋር የሚነካካውን ገበር ደግሞ ስስ የፍየል ቆዳ ብታደርጉት እላለሁ። ገበሩ በክሮም የለፋ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ላብን የተሻለ ይችላል።

ላብን ካነሳን፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ለማሰሪያ ቀላል አይደለም። ላብ ጨው አለው፤ ጨዉ ቆዳው ውስጥ ይቀራል፣ ቆዳውን ያደርቃል፣ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በባጃጅም ቢሆን ሳይረጥቡ መድረስ ዕድል ነው። እዚህ ላይ በዕፅዋት የለፋው ደካማ ጎን አለው። ውኃ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ እሳት ዳር ካደረቁት ይኮማተራል። በቁጥር ለማየት፦ ጥሬ ቆዳ ርጥብ ሆኖ ሲሞቅ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መኮማተር ይጀምራል፤ በዕፅዋት የለፋው ከ70 እስከ 85 ባለው፤ በደንብ በክሮም የለፋው ግን እስከ 100 ይችላል። ስለዚህ የረጠበ ማሰሪያ ምድጃ ዳር፣ መኪና መስታወት ሥር ወይም የቀትር ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። በላብ የራሰውንም ሌሊቱን አውልቆ ማናፈስ ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል።

ሰዓቱ ላይ «100 ሜትር» ወይም «200 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ የሚመለከተው አካሉን ብቻ ነው። ቆዳ ያሰረ ሰው ጣና ዳር ቆሞ ዋና ቢያምረው መጀመሪያ ሰዓቱን ያውልቅ።

በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጠባይም አለው። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ቀለም ይፈጥራሉ። የሰዓቱ አካል 316ኤል ስለሆነ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ከማሰሪያው ጋር የሚመጣው ርካሽ ዘለበትና ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዘው ስፕሪንግ ያለው ቀጭን ፒን ነው። ሲዝግ ዝገቱ በላብ ይሟሟና ቆዳው ላይ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይጥላል። ማሰሪያው ጥሩ ሆኖ ዘለበቱ ርካሽ ከሆነ፣ የአሮጌ ሰዓታችሁን የስቲል ዘለበት አውጥታችሁ አዛውሩበት።

ሱቅ ውስጥ ሆኖ መለየት ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ጠርዙን እዩ። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ጠርዙ በሰም ታሽቶ ራሱ ያብረቀርቃል፤ በክሮም የለፋው ሲታሽ እሺ ስለማይል ጠርዙ ወይ በወፍራም ቀለም ይሸፈናል ወይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የተቆረጠበት ወይም የቀዳዳው ውስጥ ከታየ፣ መሐሉ ቡናማ ከሆነ ዕፅዋት፣ ግራጫማ ሰማያዊ ከሆነ ክሮም ነው፤ ዳር እስከ ዳር ከተቀለመ ግን ይህ አይሠራም። በጥፍር ጫን ሲሉት ምልክቱ ከቀረ ያው ዕፅዋት ነው። ሽታውም እንጨት እንጨት ይላል። ገጹ ላይ ጥቃቅን የፀጉር ቀዳዳዎች ከታዩ የላይኛው ገጽ ሳይፋቅ ቀርቷል ማለት ነው፤ ጠንካራው የቆዳው ክፍል እሱ ነው። ፍጹም አንድ ዓይነት፣ አንድ እንከን የሌለው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ተፋቆ በፕላስቲክ ቀለም የተለበጠ ነው፤ መታጠፊያው ላይ የሚላጠውም እሱ ነው።

የበግ ቆዳችን በዓለም የታወቀ ነው፤ ለጓንት ተወዳዳሪ የለውም፣ ስስነቱና ልስላሴው ነው ያስወደደው። ለከባድ ሰዓት ውጫዊ ማሰሪያ ግን አይሆንም፣ ይሳባል። ለዚህ የበሬ ቆዳ ያስፈልጋል። ያውም ከጀርባው እንጂ ከሆዱ ያልተቆረጠ፣ ርዝመቱ በአከርካሪው አቅጣጫ የሆነ። የሆድ ቆዳ ልል ነው፤ በአግድም የተቆረጠም ይረዝማል።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ማሰሪያ ሱቅ ውስጥ ካጣችሁ ጥሩ ጫማ ሰፊ ወይም ቀበቶ የሚሠራ ሰው ሊሠራላችሁ ይችላል። የድሮ ጥሩ ቀበቶ ይዛችሁ ብትሄዱም ቆዳ ገዛችሁ ማለት ነው። ሰዓቱ አጠገብ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሂድ፤ ወፍራም አካል ላይ ስስ ማሰሪያ ሰዓቱን የተዋሰው ነገር ያስመስለዋል። ስፋቱም ሰዓቱ ጋ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘለበቱ ጋ 18 ወይም 16 ቢሆን ያምራል። ርዝመቱ ለተለመደ እጅ የዘለበቱ ወገን 75፣ ቀዳዳ ያለው ወገን 115 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩ በሰም የታሸ ይሁን፤ ጎጃም ውስጥ ሰም አይጠፋም።

ስፋቱን ግን በዓይን አትገምቱ። ማሰሪያው በሚያያዝባቸው በሁለቱ የሰዓቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ለኩ። ትንንሾቹ የድሮ ሴኮ 5 ሰዓቶች ብዙዎቹ 18 ናቸው፤ የሴኮ ዳይቨሩ (ለጠላቂ ዋናተኛ የተሠራው) ኤስኬኤክስ 007 ደግሞ 22 ነው፤ የኦሜጋ ስፒድማስተር 20። 19 እና 21 የሆኑም አሉ፣ የሚያናድዱትም እነሱ ናቸው። 20 ማሰሪያ 19 ክፍተት ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፣ ቆዳ እሺ ይላል፤ 19ኙን 20 ውስጥ ካስገባችሁ ግን ክፍተቱ ዕድሜ ልክ ይታያችኋል። የሴኮ ዳይቨሮች ፒን ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ የተለመደው ከ1.5 እስከ 1.8 ነው። ማሰሪያ ስታሠሩ ፒኑን አብራችሁ ስጡ፣ አለበለዚያ ቀዳዳው ይጠብበታል። ሰንሰለቱ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተነደፈ ሰዓት፣ ለምሳሌ ቲሶ ፒአርኤክስ፣ ለእሱ ተብሎ የተቆረጠ ማሰሪያ ካልሆነ ሌላ አይቀበልም።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው የለኝም። ጥቁር ፊት ላለው ሰዓት ቡናማ ማሰሪያ ያምራል፤ በዕፅዋት የለፋው ያልተቀለመ ቆዳ ደግሞ በፀሐይና በእጅ ወዝ ራሱ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የጫማ ቀለም ገበሩ ላይ አትቀቡ፣ ሸሚዝ ያበላሻል። ሊስትሮ ጋ ጫማ ስታስጠርጉ «ሰዓቱንም» እንዳትሉ።

ለዘጌ ጀልባ፣ ለክረምትና ለዋና የጎማ ወይም የናይሎን ማሰሪያ ለብቻው ይኑራችሁ፤ መቀየሪያ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ሥራውም ደቂቃ አይፈጅም። የወለቀውን የብረት ሰንሰለት ከተቀነሱት ማያያዣዎቹ ጋር በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሰዓቱን ልትሸጡ ብትነሱ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ ከሌለ ዋጋው ላይ ይቆርጣል።