የሄፓታይተስ ኢ የደም ምርመራ ምንድን ነው?

የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ ሲጠቁር፣ እህል ሲያስጠላው ጎረቤት ቶሎ ስም ያወጣለታል። «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ደም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ቀጥሎ ሲ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ሕመምተኛው «ጉበት የለብኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓይኑ ግን አሁንም ቢጫ ነው።

የሄፓታይተስ ኢ ምርመራ መታሰብ ያለበት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በተለይ ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ጉበትን የሚያስቆጡ አምስት ዋና ቫይረሶች አሉ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ኢ በአብዛኛው የሚተላለፈው በሰገራ በተበከለ ውሃ ነው። በአውሮፓ የሚገኘው ዝርያ ደግሞ በዋናነት በደንብ ካልበሰለ የአሳማና የዱር እንስሳት ሥጋ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ሰው እንደሚያዝ ይገምታል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይታወቀው ይድናል። የሚታመመውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገግማል። ችግሩ ሐኪም ዓይን አይቶ፣ ሆድ ዳስሶ ኢን ከኤ ወይም ከቢ መለየት አለመቻሉ ነው። የሚለየው ምርመራ ነው።

«የሄፓታይተስ ኢ የደም ምርመራ» ሲባል ግን አንድ ምርመራ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። በዚህ ጉዳይ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ምኑ ነው ፖዘቲቭ የሆነው? ደሙስ የተቀዳው ሕመሙ በጀመረ በስንተኛው ቀን ነው? እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ ወረቀቱ ብዙም አይናገርም።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመም እስኪጀምር ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። አማካዩ 5 ወይም 6 ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ጤነኛ መስሎ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ ቀደም ብሎ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ሰገራውም ላይ ይወጣል። ሕመሙ ሲጀምር ሰውነት መከላከያውን፣ ማለትም አንቲቦዲውን፣ ማምረት ጀምሯል። መጀመሪያ የሚመጣው አይጂኤም የሚባለው ነው። ከእሱ ጥቂት ዘግይቶ አይጂጂ ይከተላል። አይጂኤም አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም 4 ወር ውስጥ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አይጂጂ ለዓመታት ይኖራል። አይጂኤም ትኩስ ቁስል ከሆነ አይጂጂ ጠባሳው ነው።

ስለዚህ «አሁን የታመምኩት በኢ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ ዋናው መልስ ሰጪ አይጂኤም ነው። አይጂጂ ብቻውን ፖዘቲቭ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ምናልባት በልጅነት፣ በቫይረሱ ተይዞ የዳነ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ምክንያት አለኝ። እኛ ዘንድ «ጉበት ተገኘበት» የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሜዲካል ያደረገ ሰው በቢ ወይም በሲ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ብዙዎቻችን አይተናል። የኢ አይጂጂ ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። ጤነኛ ሰው ላይ ሄፓታይተስ ኢ እንደ ቢ ዕድሜ ልክ ተደብቆ አይቀመጥም። አይጂጂ ስለተገኘ ብቻ ሕክምና አያስፈልግም፤ ሰውየውም ለሌላ አያስተላልፍም።

አሁን ላብራቶሪው ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። ደሙ ከክንድ ይቀዳል። ለዚህ ምርመራ ብሎ መጾም አያስፈልግም። ቱቦው ቆሞ ሲረጋ ወይም በማሽን ሲሽከረከር ቀይ የደም ሴሎች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ሴረም የሚባለው ይህ ነው። አንቲቦዲ የሚፈለገው በእሱ ውስጥ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ኤላይዛ ይባላል። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን አለ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወለል በላብራቶሪ በተመረተ የቫይረሱ ፕሮቲን ተቀብቷል። ባለሙያው ጥቂት ሴረም ያንጠባጥብበታል። በሴረሙ ውስጥ የሄፓታይተስ ኢ አንቲቦዲ ካለ ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል፤ ከሌለ ሲታጠብ ይሄዳል። ቀጥሎ የሰውን አይጂኤም ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ ኢንዛይም የተያያዘበት ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል። ሳህኑ እንደገና ይታጠባል። በመጨረሻ ከኢንዛይሙ ጋር ሲገናኝ ቀለም የሚያወጣ ፈሳሽ ይገባል። ቀለም የወጣበት ጉድጓድ አንቲቦዲ አለው ማለት ነው። የቀለሙን ድምቀት ማሽን በቁጥር ያነበዋል።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት በከንቱ አይደለም። «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሚሉት ቃላት የተገኙት ከዚያ የቀለም ቁጥር ነው። ከቁጥሮቹ መካከል አንድ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በላይ ፖዘቲቭ፣ በታች ኔጌቲቭ ይባላል። ከመስመሩ በጣም ርቆ የወጣ ውጤት እና ለጥቂት ያለፈ ውጤት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሊጻፍላቸው ይችላል። እኩል ግን አይታመኑም። ለጥቂት ያለፈው መደገም አለበት። በዚያ ላይ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሚያመርቷቸው የምርመራ ኪቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የአንዱ ፖዘቲቭ በሌላው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቫይረስም ያሳስታል። ለምሳሌ ኢቢቪ ወይም ሲኤምቪ በሚባሉት ቫይረሶች የተያዘ ሰው ጉበቱም ሊቆጣ፣ የኢ አይጂኤሙም በስህተት ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚዳኘው ፒሲአር ነው። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስሙን ለምደነዋል። ፒሲአር የሰውነትን መልስ አይመለከትም፤ የቫይረሱን የራሱን ዘረመል፣ አርኤንኤውን፣ ነው የሚፈልገው። ከተገኘ ቫይረሱ አሁን ደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ድክመቱ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ቫይረሱ ከብዙ ሰው ደም ይጠፋል፤ ሰገራ ላይ ትንሽ ይቆያል። ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ፒሲአሩ ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ኢ አልያዘውም ማለት አይደለም። አርኤንኤ ቶሎ የሚበላሽ ነገር በመሆኑም ናሙናው ሳይቆይ ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት ቦታ ይህ ቀላል አይደለም።

ጣት ተወግቶ ወዲያው የሚታይ ራፒድ ቴስትም አለ። አይጂኤምን ነው የሚፈልገው። ማሽን በሌለበት ቦታ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቢሆንም ወረርሽኝ ሲጠረጠር የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች በኤላይዛ ወይም በፒሲአር ቢረጋገጡ ይመረጣል።

ይህ ምርመራ ለምን ዘግይቶ መጣ? ታሪኩ የሚያስገርም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1955 መጨረሻ እስከ 1956 መጀመሪያ ዴልሂ ውስጥ ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቀለ። ወደ 29,000 ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በውሃ የሚመጣ የጉበት በሽታ ስለሆነ ሁሉም ሄፓታይተስ ኤ ነው አለ። የኤ ምርመራ ከተገኘ በኋላ ከዚያ ወረርሽኝ ተቀድቶ የተቀመጠ ደም ወጥቶ ተመረመረ። ኤ አልነበረም። በ1978 ደግሞ ካሽሚር ውስጥ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነሳ። ሐኪሙ መሐመድ ሱልጣን ኩሩ ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው በበለጠ እንደሚሞቱ አስተዋለ፤ ይህ እስካሁን ያልታወቀ ቫይረስ ነው ብሎም ጻፈ።

ቫይረሱን በዓይኑ ያየው የሶቪየቱ ሳይንቲስት ሚካኤል ባላያን ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ የነበሩ የሶቪየት ወታደሮች በጉበት በሽታ ታመው ነበር። ባላያን ከሕመምተኞች ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱ ጠጣ። ሄፓታይተስ ኤ ቀድሞ ይዞት ስለነበር እሱ እንደማይደግመው ያውቅ ነበር። በ36ኛው ቀን ታመመ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የራሱን ሰገራ ሲመረምር ትንንሽ ክብ ቅንጣቶችን አገኘ። ግኝቱ በ1983 ታተመ። የቫይረሱ ዘረመል በ1990 እና በ1991 ሲነበብ ፕሮቲኑን በላብራቶሪ ማምረት ተቻለ። ቅድም ያልነው ሳህን ወለል ላይ የሚቀባው ነገር የተገኘው ያኔ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ በሽታው እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል ወረርሽኝ ተነስቶ በምርመራ ኢ መሆኑ ታውቋል። በ2014 ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ በገቡ ስደተኞች ካምፖች ውስጥ፣ በሌችዎር፣ በኩሌና በቲርኪዲ፣ ተስፋፋ። እስከ 2015 መጀመሪያ ከ1,100 በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠረጠሩ፤ 21 ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ደም አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። የጥቂት ሰዎች ናሙና ኢ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ በምልክቱ ይቆጠራል። ገንዘቡና ጉልበቱ ወደ ክሎሪን፣ ወደ ሳሙና፣ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል። የእነዚያ ጥቂት ናሙናዎች ፍጥነት ግን ሰው ያተርፋል። ውጤት በዘገየ ቁጥር ያንኑ ውሃ የሚጠጣው ሰው ይበዛል። ክትባትም አለ፤ ቻይና ውስጥ በ2011 ተፈቅዶ በ2022 ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ውስጥ ወረርሽኝን ለመግታት ጥቅም ላይ ውሏል። ያን ለመወሰንም መጀመሪያ በሽታው በትክክል መታወቅ ነበረበት።

ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ልመለስ። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወራት ሄፓታይተስ ኢ ከያዛት እስከ 20 ወይም 25 በመቶ የመሞት አደጋ ሊኖር ይችላል። ጽንሱም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይኗ ቢጫ የሆነች ነፍሰ ጡር «የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል» ተብላ ቤት መቀመጥ የለባትም። ቢና ሲ ኔጌቲቭ ሲሆኑ ቤተሰቧ «ኢስ ታይቷል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅላት ይገባል። ሐኪም ቤት መግባቱ ግን የኢ ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። በዚያ ሰዓት ሕይወቷን የሚጠብቁት ሌሎቹ የደም ምርመራዎች ናቸው፦ ኤስጂፒቲ ወይም ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደም መርጋት ምርመራ። ጉበት ሲደክም ደም የሚያረጋውን ነገር ማምረት ያቅተዋል። መወለጃዋ ለተቃረበ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ግራ መጋባት ወይም ከባድ እንቅልፍ ከታየባት ደግሞ አንድ ሰዓትም ማባከን አይገባም።

የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሌሎችም አሉ። ኩላሊት ወይም ጉበት የተተከለላቸውና መከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አንቲቦዲያቸው በደንብ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ አይጂኤም ኔጌቲቭ ቢሆንም በፒሲአር መታየት አለባቸው። በአውሮፓው ዝርያ ከተያዙ ደግሞ ቫይረሱ ሳይለቃቸው ሊቆይ ይችላል። አርኤንኤው ከ3 ወር በላይ ደም ውስጥ ከቆየ ሕመሙ ሥር የሰደደ ይባላል፤ መድኃኒትም አለው። በእንግሊዝ 225,000 የደም ልገሳዎች ተመርምረው 79ኙ ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር፤ ጥናቱ በ2014 ታተመ። ለጋሾቹ ጤነኞች መስለው ነው የመጡት። ዛሬ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድ፣ ጀርመንና ጃፓን የተለገሰ ደምን ለኢ ይመረምራሉ። እዚያ ደም የምትለግሱ ካላችሁ ደማችሁ በዚህም ያልፋል።

የምርመራ ወረቀት ስትቀበሉ አይጂኤም ነው አይጂጂ የሚለውን ፈልጉ፤ ካልተጻፈ ጠይቁ። ደም የተቀዳበትን ቀን ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ጋር አስተያዩ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀድቶ ኔጌቲቭ ከሆነና ሕመሙ ካልለቀቀ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም በሉ። ለሐኪሙ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፤ የባህል መድኃኒቱም ይጨመር፣ የፋርማሲውም። ፓራሲታሞል ሲበዛ፣ አንዳንድ ሥራሥርም ጉበትን በራሳቸው ያስቆጣሉ፤ የኤኤልቲውን ቁጥርም ልክ እንደ ቫይረሱ ከፍ ያደርጉታል።